በከንፈር የሚወራ ደመወዝ

ክሩ ሲበጠስ አለበል አልሰማም፤ አየ እንጂ። ከስድስቱ ማሽኖቹ በሦስተኛው ላይ፣ በድሩ መካከል፣ ቀጭን ክፍተት ታየችው። ማሽኑን አቆመና ሁለቱን የክር ጫፎች ፈለገ። በዓይኑ አገኛቸው፤ በጣቶቹ ግን አላገኛቸውም። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ክር ይኑር ባዶ ይሁን መለየት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ የገዛ ጣቶቹን እንደ ሌላ ሰው ጣት እያየ ቋጠረ። አንዱን ጫፍ አጥፎ ቀለበት አደረገው፣ ሌላውን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፎ በአንገቱ አዞረው፣ ሳበው። ማሽኑ እንደገና ተነሣ።

ከመተላለፊያው ማዶ የሚሠራው ሀብተ ሥላሴ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር የማሽኖቹ ብቻ ነው፤ ሰው ቢጮህ ራሱም አይሰማውም። ስለዚህ የሽመና ክፍል ሠራተኞች በከንፈር ያወራሉ። ቃሉን በአፋቸው ይስሉታል፣ ሌላው በዓይኑ ይሰማል። አዲስ ገቢ ለመልመድ አንድ ክረምት ይፈጅበታል። ከለመደ በኋላ ግን ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይቀልዳል፣ ካቦውን ያማል፣ የጤፍ ዋጋ ይጠያየቃል።

"ፈረምህ?" አለው ሀብተ ሥላሴ በከንፈሩ።

"ገና ነኝ።"

"ዛሬ እኮ ያልቃል። ታቦት ወጥቶ እንዲለምንህ ትጠብቃለህ?"

"ስወጣ እሄዳለሁ።"

"እኔ የደረሰ ልጅ ቢኖረኝ ትናንት ፈርሜ ዛሬ ተኝቼ ነበር። አንተ ጆሮህን እዚህ ጥለህ ትወጣለህ፣ ልጅህ የራሷን ይዛ ትገባለች። ሒሳቡ ይሄው ነው።"

አለበል ጥርሱን አሳየው። በአዳራሹ ውስጥ ሳቅም የሚታይ እንጂ የሚሰማ ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሐኪሞች ቦርድ የአለበልን ጆሮና ጣቶች አይቶ ለሥራ አይበቃም ሲል ጻፈ። ፋብሪካውም በዚያ ወር ብቻ፣ በሕመም ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ከልጆቹ አንዱን ያለ ፈተና በቦታው እንዲተካ ፈቀደ። አባት ይወጣል፣ ልጅ ይገባል። ተተኪ የሌለው ሰው ከፈለገ ዕድሜው እስኪሞላ ድረስ ይቀጥላል። የአለበል ታላቅ ልጅ አዘዘ ሐሙሲት አስተማሪ ነው። የቀረችው ሰገነት ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ማትሪክ ሳይመጣላት ቀርቶ፣ ይኸው ዓመት ሊሞላት ነው። የማመልከቻው ቀን ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃው ወጣ። አለበል ፀጉሩ ላይ የተኛውን የጥጥ ብናኝ አራግፎ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ሄደ። ውጭ ፀጥታ ነበር፤ በጆሮው ውስጥ ግን ማሽኖቹ አልቆሙም። ማታ ሲተኛም አይቆሙም። ለምዶታል።

የቢሮው ኃላፊ ተክለ ጊዮርጊስ በዕድሜ ከአለበል የሚያንስ፣ ትሑት፣ ኮቱ በክርኑ ላይ የሳሳ ሰው ነው። ሲያየው ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ጋሽ አለበል፣ ይግቡ። ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅዎት ነበር።" ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ለሽመና ክፍል ሰው ሁሉም እንዲያ ያወራል።

"አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው፣ ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ። ልጅቱ ብትገባ መነሻዋ ስንት ነው?"

"ሃምሳ ብር።"

አለበል የሰውየውን ከንፈር እያየ ስለነበር አልተሳሳተም። ቢሆንም ደግሞ ጠየቀ፦ "ሃምሳ?"

"ሃምሳ።"

"ፋብሪካው ወደ መንግሥት ሲዞር ዝቅተኛው ሃምሳ ሆኗል ብላችሁ ሜዳ ላይ ሰብስባችሁ ነገራችሁን። እኔ ያን ቀን ጨፍሬያለሁ።"

"እኔም ጨፍሬያለሁ።"

"አሥር ዓመት አለፈው እኮ።"

"አልፎታል።"

"ጤፉ ያኔ..."

"ጤፉን ለእኔ አይንገሩኝ ጋሽ አለበል፤ እኔም እበላለሁ።" ተክለ ጊዮርጊስ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታውን ወዲያው ተወው። "የኔም እርከን ቆሟል። የእርስዎም ቆሟል። የአስተማሪውም የነርሷም ቆሟል። የሚሄደው ገበያው ብቻ ነው። ለልጅቱ ይሻላታል ወይ ብለው ከጠየቁኝ አላውቅም። ግን ሕክምና አለ፣ ጡረታ አለ፣ የስኳርና የሳሙና ራሽን አለ። ይኼንንም ያጣ ስንት ሰው አለ።"

"እውነት ነው።"

"እሷ ራሷ መጥታ መፈረም አለባት። አሥራ አንድ ሰዓት እንዘጋለን።"

አለበል አመስግኖ ወጣ።

መጋቢት ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የመንገዱን አቧራ እያነሣ ይበትናል። አለበል ዝግ ብሎ ሲሄድ ሃምሳ የሚለውን ቃል ያስባል፤ አልተናደደም። መናደድ የሚጀምርበት ቦታ እንደ ጣቶቹ ጫፍ ሆኖበታል።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከአገሩ ከደጋ ዳሞት ወርዶ እዚህ ፋብሪካ ሲቀጠር ደመወዙ ሃምሳ እንኳን አልሞላም ነበር። ግን ያን ጊዜ በወር ገንዘቡ ሁለት ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ይተርፈው ነበር። ሚስቱን ፀሐይወርቅን ሲያጭ የሷ አባት ጋሻ መሬት ያለውን የጎረቤት ልጅ ትተው እሱን መረጡ። ሽማግሌዎቹ ያሉት ዛሬም ትዝ ይለዋል፦ "ይኼ ልጅ ዝናብ ቢቀር ደመወዙ አይቀርበትም።" አማቹ ይኼን ሰምተው ነው እሺ ያሉት። እውነትም ዝናብ ቀርቶ ደመወዙ ቀርቶበት አያውቅም። በየወሩ ሃያ ሰባት ቀን መጥቷል። ባለበት ሆኖ መጥቷል እንጂ።

አዘዘም ያው ነው። አስተማሪ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሏል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐሙሲት በአውቶቡስ ይመጣና በልቶ፣ ሸሚዙን አሳጥቦ ይመለሳል።

አለበል የሚኖረው ከቀበሌ በተከራየው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሲገባ ፀሐይወርቅ የጾም ሽሮ አቅርባ ትጠብቀው ነበር። ሰገነት እጅ አስታጠበችው። ጣቶቿ ላይ፣ በክር የተቆረጡ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። ወደ ሐይቁ ዳር እየወረደች ከአሣ አጥማጁ ከሱሌማን ሚስት ከራሂማና ከልጃቸው ከዘኪያ ጋር የናይለን መረብ ትሠራለች። "ቤት ከመቀመጥ" ብላ ነው የጀመረችው።

ፀሐይወርቅም ድሮ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር፤ ሳል ሲጠናባት ነው የወጣችው። ባልና ሚስት የተዋወቁትም የተግባቡትም በከንፈር ነው። ልጆች ከተወለዱ በኋላ ይኼ ልማድ ጠቀማቸው። ልጅ ሊሰማው የማይገባ ነገር ሲመጣ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ የገንዘብ ነገር፣ ከሞሰቡ በላይ ያለ ድምፅ ይነጋገራሉ። ደመወዝ አልበቃም፤ ኪራይ ተጨመረ፤ ለእናት አገር ጥሪ ከዚህ ወር ይቆረጣል፤ ይኼ ሁሉ በዚህ ቤት ውስጥ በድምፅ ተነግሮ አያውቅም። ልጆቹ ሕፃን ሳሉ እናትና አባታቸው የማዕድ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን አዘዘ ለቄስ፣ "እኛ ቤት ጸሎት ረጅም ነው" ብሎ አሳስቋል።

ሰገነት ጎንበስ ብላ ወጥ ስትጨምር ፀሐይወርቅ ወደ ባሏ ቀና አለች።

"ፈረምህ?" ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

"እሷ ራሷ መምጣት አለባት አሉ።"

"ታዲያ ይዘሃት ሂዳ።"

"ሃምሳ ነው፣ ፀሐይ። ዛሬም ሃምሳ።"

"ሃምሳም ይሁን። ያንተ ጡረታ ብቻውን ቤቱን አያዘልቅም። እሷ ካልገባች ከየት እንበላለን?"

"ከመረቡ የምታገኘው አለ አይደለም?"

"የአሣ ነገር ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ሐይቁ ጡረታ ያወጣታል?"

አለበል ጎረሰ። አኝኮ ዋጠ። ከዚያ በከንፈሩ፦ "እሺ። ግን ለእኛ ብለን መሆኑን አታውቅ። ለራስሽ ይሻልሻል እንበላት።"

ከቅንድቧ ሥር ስታያቸው የቆየችው ሰገነት የወጡን ማሰሮ አስቀምጣ ቀና አለች። ሁለቱንም እያየች፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ እንደ አንድ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ቃሉን አሳምራ በአፏ ሳለችው።

"እገባለሁ። እናንተ አታስቡ።"

"ጎሽ የኔ ልጅ" አለች ፀሐይወርቅ፣ እሷም በከንፈሯ።

ከዚያ እጇ ከሞሰቡ ላይ እንዳለ ቀረ። ባሏን አየች። አለበል ልጁን እያየ ነበር።

"ማን አስተማረሽ?" አለች ፀሐይወርቅ በድምፅ፤ ድምፁ በዚያች ቤት ውስጥ ትልቅ ሆነ።

"እናንተ ናችኋ" አለች ሰገነት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለተኛ ክፍል መሰለኝ።"

"አዘዘስ?"

"እሱ ግማሹን ይስታል። 'ኪራይ'ና 'ሥጋ' አይለይም።" ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው።

ፀሐይወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ አሁን አፏን የሚያያት ሰው ሁሉ የሚሰማት መሰላት። በእነዚህ ዓመታት በዚህ ሞሰብ ላይ ያለችውን ሁሉ ለማስታወስ ሞከረች። ብዙ ነው። አለበል ግን አንዱን ብቻ አስታወሰ።

"ጫማው" አለ።

ሰገነት እግሯን ከቀሚሷ ሥር ሰበሰበች።

"ሦስተኛ ክፍል ስትገቢ። እናትሽ 'ለሷ ጫማ ዘንድሮ አይደርስም' አለችኝ። በማግሥቱ አንቺ መጥተሽ አሮጌው ጫማ ገና ይበቃኛል፣ አዲስ አልፈልግም አልሽን።"

"በቅቶኝ ነበር።"

"አልበቃሽም። ጣትሽን አጥፈሽ ነበር የምትሄጂ። ሩጫ ላይ ሲጥልሽ አይቻለሁ። ልጅቱ እግሯ ደካማ ነው ብዬ ነበር።"

"አባባ፣ ቆይቷል እኮ።"

"ቆይቷል" አለ አለበል።

አለበል ወደ ሞሰቡ ተመለሰ። የቀረበው ተበላ። ፀሐይወርቅ ሞሰቡን ስታነሣ ሰገነት ልብሷን ቀይራ መጣች። ለቢሮ የሚሆነውን ቀሚስ ነበር የለበሰችው።

"እንሂድ አባባ። ግን በሐይቁ በኩል እንለፍ። የእነ ዘኪያን መስፊያ መመለስ አለብኝ።" በመዳፏ ላይ፣ ክር የተጠቀለለባት፣ ስንዝር የምታህል የቀርከሃ መስፊያ ይዛለች፤ መረቡ የሚሠራው በሷ ነው።

ፀሐይወርቅ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። አንድ ነገር ልትል ፈልጋ አፏን ከፈተች፣ ልጇን አየቻት፣ መልሳ ዘጋችው።

የሱሌማን ግቢ ደንገሉ እስከ አጥሩ የሚደርስበት፣ ከሐይቁ አፍ ላይ ያለ ነው። ሱሌማን አንድ ጣውላ ታንኳ ገልብጦ ስንጥቁን ይጠቀጥቅ ነበር። አለበልን ሲያይ መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣ።

"ደመወዝተኛው መጣ። ተነሡ ተነሡ፣ ደመወዝተኛ ነው።"

"ተቀመጥ አንተ። እግዜር ያክብርህ።"

"አላህ ያክብርህ። እንዴት ዋላችሁ፣ ፀሐይወርቅ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት። አንተስ፣ ገበያው?"

"ጾሙ የናንተ፣ ገበያው የኛ። አንድ ቀረሶ አሣ ትናንት ስንት እንደሸጥሁት ብነግርህ ጾምህን ትፈታለህ።"

አለበል ፈገግ አለ። ሱሌማንን ያወቀው ፋብሪካ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሱሌማን በደንገል ታንኳ እየወጣ፣ የያዘውን አሣ በዱላ ላይ ሰክቶ በየበሩ የሚያዞር ወጣት ነበር። አሣ ወዶ የሚገዛው አልነበረም፤ አዝኖለት ሳንቲም ይሰጠዋል እንጂ። በደመወዝ ቀን ሱሌማን ፋብሪካው በር ላይ ይቆምና አለበል ሲወጣ ይጋበዛል። አሁን ሱሌማን ባለ ሞተር ጀልባ ሽርክና አለው፤ ጎርጎራ ድረስ መረብ የሚያዙት ደንበኞች አሉት። አለበል ደግሞ በወር መጨረሻ ላይ ከዚህ ግቢ ዘንቢል ይዞ የሚወጣበት ጊዜ በዝቷል። ሁለቱም ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ሰገነት ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ ራሂማና ልጇ ዘኪያ በሁለት ችካል መካከል መረብ ዘርግተው ወደሚሠሩበት ሄደች።

"ወደ ፋብሪካው ልታስገባት ነው አሉኝ" አለ ሱሌማን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አለበል ከንፈሩን አየው።

"ማን ነገረህ?"

"እሷ ናታ። ትናንት ነገ እሰናበታችኋለሁ አለችን። ራሂማ ቅር ብሏታል። እኔንም ብሎኛል፣ አልዋሽህም።"

"የመንግሥት ሥራ ነው ብለን ነው።"

"ጥሩ ነው። እኔ አትግባ አልልህም። እዚህ ያለውን ግን ልንገርህ፣ አውቀህ እንድታደርገው። ከራሂማ እኩል ነው የምንሰጣት፤ ባለፈው ወር ዘጠና ብር አልፋለች። ይኼ ጥሩው ወር ነው። ናይለኑ ከአዲስ አበባ የቀረ ጊዜ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ክረምት ማዕበል አለ። ብትታመም የሚያሳክማት ፋብሪካ የለም፣ እኔ ነኝ ያለሁላት፤ እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ።" ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ "ድሮ አንተን ሳይ፣ ልጅ ቢኖረኝ ደመወዝተኛ ባደረግሁት እል ነበር። አሁን ምን እንደምል አላውቅም። ዘመኑ ይገላበጣል፤ ነገ ደግሞ እኔን ይገለብጠኝ ይሆናል።"

"አንተ ዋና ታውቃለህ።"

"አዎ እሱስ አለ" አለ ሱሌማን፣ ስቆ። ከዚያ ከታንኳው ጎን የወደቀ ቁራጭ መረብ አንሥቶ ሰጠው። "ይኼ የሷ ሥራ ነው። ይገርምሃል፣ ቋጠሮውን ያስተማራት የለም። ዘኪያ ላሳይሽ ስትላት አውቀዋለሁ አለች። ይዛው መጣች።"

አለበል መረቡን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። አንዱ ጫፍ ታጥፎ ቀለበት ሆኗል፣ ሌላው በውስጡ አልፎ በአንገቱ ዞሯል። የተበጠሰ ድር የሚቀጠልበት ቋጠሮ ነው። ሕፃን ሳለች፣ እጁ ገና ሲሰማው፣ ከኪሱ የክር ቁራጭ እያወጣ ሲያሳያት ነበር። ጣቱን በቋጠሮዎቹ ላይ አሳለፈ። ምንም አልተሰማውም። በዓይኑ ግን ቆጥሮ አንድም የላላ አላገኘም።

ቀና ሲል ሰገነት መስፊያዋን ለራሂማ እየሰጠች ነበር። ጀርባዋን ነው ያየው። የራሂማ ፊት ግን ወደ እሱ ነበር። ርቀቱ ድምፅ አያደርስም፤ ለሽመና ሠራተኛ ግን ቅርብ ነው።

"ወደሽ ነው?" አለች ራሂማ።

የሰገነት ጭንቅላት ትንሽ ዞር ብሎ ተመለሰ።

"አባትሽ ያውቃሉ?"

ጭንቅላቷ አሁንም ዞር አለ።

"እንግዲያው ንገሪያቸዋ። ምን ያለ ነገር ነው፣ አንድ ቤት ተቀምጣችሁ።"

አለበል ዓይኑን ነቅሎ ውኃውን አየ። የሰው ወሬ ሰርቆ የሰማ መሰለው። ለእሱ ቤት ግን አዲስ ነገር አይደለም።

"አሥር ሰዓት አለፈ፣ አባባ" አለች ሰገነት መጥታ። ዘኪያ ከኋላዋ እጇን አውለበለበች።

አባትና ልጅ ዳርቻውን ይዘው ሄዱ። በስተግራቸው ሐይቁ ግራጫ ነበር፤ በስተቀኝ ከዛፎቹ በላይ የፋብሪካው ጣሪያ ይታያል። ከጠዋት ፈረቃ የወጡ ሠራተኞች በቡድን በቡድን ሆነው በመንገዱ ይንሸራሸሩ ነበር። አንዳንዶቹ ለአለበል ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡት። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ አለበል ቆመ።

"ሰገነት።"

"አቤት።"

"ፋብሪካ መግባት ትፈልጊያለሽ?"

ዓይን ዓይኑን አየችው። በከንፈሯ፣ አጥርታ፣ "እፈልጋለሁ" አለች።

አለበል ይኼን ንግግር ሃያ ሁለት ዓመት ተናግሮታል፤ ጠባዩን ያውቃል። በከንፈር ሲያወሩ ድምፅ አይንቀጠቀጥም። ካቦው መጥቶ "ሁለት ማሽን ይጨመርልህ፣ ትችላለህ?" ሲለው "እችላለሁ" ያለው በከንፈሩ ነው። ፀሐይወርቅ "አልራበኝም፣ አንተ ብላ" ስትለው የኖረችው በከንፈሯ ነው።

ፊቱን አዞረ። ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ ወደ ሐይቁ ቆመ።

"አሁን መልሺልኝ" አለ።

ነፋሱ ደንገሉን ያንሿሿዋል። በጆሮው ውስጥ ማሽኖቹ ይሄዳሉ። ከነሱ በላይ የሚሰማ ነገር ለረጅም ጊዜ አልመጣም፤ ልጅቱ ሄዳ እንደሆነ ብሎ ሊዞር ፈለገ፣ ግን አልዞረም።

"አባባ፣ ወደ እኔ ዙር።"

"እንዲሁ ንገሪኝ። ጮክ በይ፣ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ።"

"አልፈልግም።" ድምፁ ቀጭን ነበር፤ መካከሉ ላይ ተሰብሯል። "ግን አንተ ከዚያ መውጣት አለብህ። ትናንት ብርጭቆ ይዘህ መያዝህን ሳታውቅ ለቀቅኸው። አይቻለሁ። እኔ ካልገባሁ አትወጣም።"

"እሱን ተይው። ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"መረቡን መሥራት። ዘኪያና እኔ ናይለኑን ራሳችን ከአዲስ አበባ ብናስመጣ ብለን ነበር። ላይሆንም ይችላል።"

"ላይሆን ይችላል" አለ አለበል።

"እማማ ከየት እንበላለን ብላለች።"

"ሰምቻለሁ። አንቺም ሰምተሻል። ዛሬ ማታ ሦስታችንም ቁጭ ብለን፣ አፋችንን ከፍተን እንነጋገርበታለን። የኔ ስንት እንደሆነ፣ ያንቺ ስንት እንደሆነ።" ዞሮ አያት። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋለች። "እናትሽ መጀመሪያ ትቆጣለች።"

"በድምፅ?"

"በድምፅ ይሁን።" በኪሱ ውስጥ እጁን ጨበጠ፤ መጨበጡን ያወቀው በክርኑ ነው። "በይ ተመለሽ፤ መስፊያሽን ተቀበይ። ራሂማ ለሌላ ሳትሰጥብሽ።"

ሰገነት ትንሽ ቆመች። ከዚያ ለቢሮ የለበሰችውን ቀሚስ ጫፍ ከአቧራው ከፍ አድርጋ ይዛ በመጣችበት ተመለሰች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ ፈጠን ብላ። አለበል እግሯን አየ። ደካማ አልነበረም።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ነው የደረሰው። ተክለ ጊዮርጊስ መስኮቱን እየቆለፈ ነበር። ከአለበል ትከሻ በላይ ወደ በሩ ተመለከተ፤ የሚከተለው ሰው አልነበረም።

"ልጅቱስ፣ ጋሽ አለበል?"

"ሥራ ላይ ናት" አለ አለበል፣ በአዳራሹ ውስጥ እንዳለ ሰው ጮክ ብሎ። "እኔን ለነገ ጠዋት ፈረቃ ይጻፉኝ።"